ጽዋውን ትቶልን ወረደ

ያች ኮረብታ ስም አልነበራትም። በካርታ ላይ ቁጥር አላት ይሉ ነበር፤ እኛ የምናውቃት ባፈሯ ነው፤ ቀይ፣ ትንሽ ሲቆፍሩት ድንጋይ የሚሆን። ትእዛዙ ጠዋት ደረሰን። ውጡና ያዙ፣ ተተኪ ሳይመጣ እንዳትለቁ ተባልን። ወጣን፣ ያዝን።

እናንተ ልጆች ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ፣ ስንት ሰው ገደልክ ነው የምትሉኝ። እሱን አላውቀውም። የማውቀው ማንን እንዳመንን ነው።

የጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ አስረስ ያገሬ ልጅ ነው፣ የአምባሰል። ባንድ ደብር ክርስትና የተነሳን። በዚያ ዘመን ማተብ አስሮ መታየት ያስገመግም ስለነበር ማተባችንን በኪሳችን ይዘን ነበር የምንዞረው። ቢሆንም ወር በገባ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ ምሽግ ውስጥ እንጠጣ ነበር። ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ። የአስረስ ኮዳ ጽዋ ሆነ፤ ጋሌጣ የምንለው ደረቅ ብስኩት ዳቦ ሆነ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እናዞረዋለን። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ እሱው አስረስ።

ተፈራ የሐይቅ ልጅ ነበር፣ ዓሣ አጥማጅ። ወርቁ እንደኔው ገበሬ። ይማም ግን እስላም ነው፣ የውጫሌ ነጋዴ ልጅ። እኛ ስንጸልይ እሱ ፊቱን አዙሮ ካድሬው እንዳይመጣብን ይጠብቃል። ብስኩቱ ሲቆረስ ደግሞ እጁን ይዘረጋል። «ለማርያም ዘብ የቆመ እስላም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በሉ ደመወዜን ወዲህ በሉ» ይላል።

ረፋዱ ላይ መድፍ ጀመረ። ከዚያ እግረኛው መጣ። መለስነው። እንደገና መጣ። መለስነው። ቀትር ሲሆን ከጓዱ የቀረነው አምስት ነበርን፤ አስረስና እኛ አራታችን። አስረስ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ለብቻው ዞር አለ። ሲመለስ፣ ሬዲዮው ተበላሽቷል፣ ወርጄ ተተኪ ላምጣ አለን። ወርቁ፣ አንተ ከወረድክ ማን ያዘናል ብሎ ጠየቀው። አስረስ ኮዳውን ከወገቡ ፈታና በመሃላችን አስቀመጠው።

«ጽዋው እዚህ ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ እመለሳለሁ፤ ካልመጣሁ የጠጣነው ይፍረድብኝ» አለ።

ባገራችን ጽዋ ትቶ የሚቀር ሰው የለም። መሐላውን ባንሰማው እንኳ ኮዳው ይበቃን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይማም በስተኋላ አየ። አቧራ ነው፤ መኪኖቻችን ወደ ኋላ እየሄዱ። እንውረድ፣ ጀርባችን ባዶ ሆኗል አለን። ተፈራ ኮዳውን አሳየው። ይማም ኮዳውን አየ፣ እኛን አየ፣ ጠመንጃውን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እናንተ በአምላካችሁ ካመናችሁት፣ እኔ ማን ነኝና እወርዳለሁ» አለ።

መጡ። ተፈራ መጀመሪያ ወደቀ። ጥይታችን አለቀ። ወርቁ ቦምቡን ፈትቶ ሲነሳ ተመታ። ይማም እኔን ወደ ቦይ ሊጎትተኝ እጄን እንደያዘ ቀረ። እኔ ጭኔን ተመትቼ ተማረክሁ። ቁስሌን ያሰሩልኝ የተዋጋኋቸው ሰዎች ናቸው።

በምርኮ ሳለሁ የሻለቃው ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበረ ሰው አገኘሁ። ቀትር ላይ ለአስረስ የማፈግፈግ ትእዛዝ ያስተላለፈው እሱው ነበር። መኪናው እስኪያልፍ ጥቂት ሰው ኮረብታው ላይ ይቆይ፣ አንተ ውረድ ነው የተባለው። አስረስ ሲምል ሁሉንም ያውቅ ነበር። ቆዩልንና ሙቱልን ቢለን ምናልባት እሺ እንል ነበር፤ ወታደር ነን። እመለሳለሁ ነው ያለን።

አገሬ ስገባ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቃተኝ። በጽዋዋ ሲያታልሉን ዝም አለች ብዬ ከእመቤቴም ጋር ተኳርፌ ነበር፣ ይቅር ትበለኝ። የነፍስ አባቴ ግን አልተዉኝም። ያታለለህ አስረስ ነው፣ የእሷን ደጅ ስለምን ትተዋለህ እያሉ መለሱኝ። ማኅበርም ገባሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ጽዋው እኔ ቤት በሆነበት ወር፣ አስረስ መጣ። ሸምግሏል። ከተማ ኖሮ አገሩ ሊሞት ተመልሷል። ማኅበሩ ውስጥ አስገቡኝ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይጠጣምና ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ዳቦውን ትቼ ልወጣ ተነሳሁ። የነፍስ አባቴ ነጠላዬን ያዙ።

«አባ፣ ይህን ሰው እንዴት ልመን?» አልኳቸው።

«እመነው ማን አለህ? የምታምነውማ እግዚአብሔርን ነው። እሱ ይቅር በል ብሏል፤ እሱን ታዘዝ» አሉኝ።

ቆሜ ቆየሁ። ጭኔ ያመኝ ጀመር፤ ብዙ ስቆም ያመኛል። ከዚያ ጽዋውን አንስቼ በገዛ እጄ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። እንዴት እንደሞቱ ጠየቀኝ። ተፈራን ነገርሁት፣ ወርቁን ነገርሁት። ይማምን ስነግረው፣ ይማም ቆይቶ ነበር እንዴ አለ። አዎ፣ ያንተን ኮዳ አይቶ ነው የቆየው አልሁት።

ጽዋውን አስቀመጠና፣ «አያሌው፣ አሁን አምነኸኛል?» አለኝ።

«አላመንኩህም። ታዝዤ ነው» አልሁት።

ልጆቼ፣ ይቅርታ ቁስል ይሽራል ይላሉ። የኔ አልሻረም። ግን በየወሩ ያ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል፣ ዳቦ እቆርስለታለሁ። ይኸንን ከራሴ አምጥቼው አይደለም።

ከአራታችን ሦስቱ ሞተዋል። የተፈራንና የወርቁን ስም ቄሱ በጸሎት ይጠሩልኛል። ለይማም ውጫሌ እወርዳለሁ፤ እህቱ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ ጥግ ይዤ አሜን እላለሁ። አጥንታቸው ኮረብታው ላይ ነው። ጽዋውም እዚያው ቀርቷል።