ዳይሬክተሩ ጋያ የሸተቱ እሁድ

የእኔ ፊርማ አውራ ጣቴ ነች። ዛሬም እሷው ነች። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ «እማማ ቀስ በይ፣ እጄን ደከመኝ» ትለኛለች። እኔ ምን ላድርጋት፣ ምላሴን አልደከመኝም።

ፊርማን ያነሳሁት ያለነገር አይደለም። ሰው ወረቀት ላይ ፈርሞ ሲጋራ እንደሚከለከል ያወቅሁት በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ያውም ከፈረንጅ። ያኔ ዲላ እንዲህ አልሰፋችም። ባጃጅ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ። ከሞያሌ በኩል የጭነት መኪና ሲመጣ ሥራችንን ጥለን አቧራውን ልናይ የምንወጣ ሰዎች ነበርን። ባሌ ቡና መቀሸሪያ ይሠራል፣ እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልብስ አጣቢ ነኝ። የአምስት አስተማሪ፣ የዳይሬክተሩና የባለቤታቸው ልብስ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ልብስ ደግሞ አፍ አለው። ማን ሲበላ እንደሚያንጠባጥብ፣ ማን ሰው ሳያየው በመሐረቡ እንደሚያለቅስ፣ የማን ሱሪ ወገቡ ላይ እንደጠበበ፣ ሁሉን ይነግረኛል። ሀ ሁ ሳልቆጥር የተማረ ሰው ምስጢር ተሸክሜ ነበር የምዞረው።

መስከረም ላይ አንዲት አዲስ ፈረንጅ አስተማሪ መጣች። ጠጉሯ እንደ በሰለ ቡና ቀይ፣ ቁመቷ እንደ ሸንበቆ፣ ሳቋ ደግሞ ከቁመቷ የሚበልጥ። ተማሪዎቹ «ሚስ» ይሏታል፣ እኔም ሚስ አልኳት። አማርኛ ትንሽ ተምራ ነው የመጣችው፤ የጎደላትን በእጇ ትሞላዋለች።

ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበረች። ከሚስ በፊት የነበሩት አስተማሪዎች ሴቶቹን ልጆች ከኋላ ግድግዳው ሥር ነበር የሚደረድሯቸው፤ ሰሌዳውም አይታያቸው፣ አስተማሪውም አያያቸው። እህቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የወንዶች ማጅራት ስትማር ከረመች። ሚስ በመጣች በሳምንቷ አንስታ ከፊት አስቀመጠቻት። አቤት! ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥም ቢሆን ከፊት እንጂ አልቀመጥም አለች። ከምድጃው ፊት እሷ፣ ከቆጮው ፊት እሷ። «ሂጂ ወዲያ» ስንላት «ሚስ ነች ያለችኝ» ትላለች።

እንግዲህ ይሄን ያዙልኝ። ሚስ ከሄደች እህቴ ወደ ግድግዳው ትመለሳለች። እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነው።

ጥቅምት ላይ ወደ ለገዳራ ወንዝ ወርጄ የሚስን ቀሚስ ነከርኩት። ከኪሱ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ሦስት የሲጋራ ቁራጭ! ትምባሆው ውሃው ላይ እንደ ሻይ ቅጠል ተንሳፈፈ። ቁራጮቹን በቅጠል ጠቅልዬ ወሰድኩላት።

«ሚስ፣ ይሄ ያንቺ ነው?»

ፊቷ ጠጉሯን መሰለ። በሩን ዘጋችና ከሻንጣዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ ከታች የራሷ ፊርማ አለበት። እያነበበች በእጇ ተረጎመችልኝ። ሲጋራ፣ የለም። ጠጅ ቤት፣ የለም። ጭፈራ፣ የለም። ሴት ልጅ ሱሪ፣ የለም። ሲጋራ ያጨሰ አስተማሪ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

«ይሄ ሁሉ ከተከለከለ የተፈቀደልሽ ምንድነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ማስተማር» አለች።

ሁለታችንም አልጋው ላይ ወድቀን ሳቅን። እኛ ፈረንጅ አማት የለውም ብለን ስንቀና! ለካ የነሱ አማት ትምህርት ቤቱ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲጋራዋን የምገዛላት እኔ ሆንኩ። እሷ ሱቅ ብትሄድ ዲላ በሙሉ ያውቃላ! ገበያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ሐጂ፣ ሲጋራዋን ከስኳር ጋር ጠቅልለው እየሰጡኝ ይገላምጡኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ያውቃል?»

«ባሌ የማያውቀው ስንት ነገር አለ፣ ሐጂ!»

«ሳንባሽንስ አታዝኚለትም?»

«ሳንባዬ አልከሰሰኝም፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የከሰሱኝ።»

እንዲህ እያልን በልግ ገባ። በልግ ሲገባ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። እሳቸውም ፈረንጅ ናቸው፣ ግን እኛ ዘንድ ብዙ ዓመት ኖረው አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ አልዋሽም። ትምባሆ ሲባል ግን ዓይናቸው ይፈጣል። ከእኛ ሰው ሊጠመቅ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ «ጋያህን ጣል» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«እህቴ፣ ልብስ ስታጥቢ የሚሸትሽ ነገር አለ?»

«ላብ ይሸተኛል፣ ጌታዬ።»

«ሌላስ?»

«የአንዳንድ ሰው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

«ትምባሆስ?» አሉና ጠጋ አሉ። «በሚስ መስኮት ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው አለ። ከዛሬ ጀምሮ ልብሷን ሳታጥቢ በፊት ታሸቻለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። እውነት ከሆነ ለበላይ እጽፋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች።»

እዩልኝ! በእጄ ተቀጥሬ በአፍንጫዬ ልሠራ!

የመጀመሪያውን ቅዳሜ «ሳሙና ሸተተኝ» አልኳቸው። ሁለተኛውን ቅዳሜ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሱፍ የትምባሆ ሽታ አይለቅም። አሁን ይርጋጨፌ ለሥራ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ያጠብሽውን ልብስ ሁሉ ወደዚህ አምጪ፤ ሹራቧን ራሴ አሸተዋለሁ» አሉ።

ሚስ አንድ የሱፍ ሹራብ ነው ያላት፣ መስኮቷ ላይ ቆማ ስታጨስ የምትለብሰው። አንዴ አጠብኩት፣ ሁለቴ አጠብኩት፣ በእንዶድ ፈተግኩት። ያው ነው! በዚያ ላይ ዝናቡ አላቆም ብሎ የሰባት ሰው ልብስ እርጥብ በእርጥብ ተከምሮብኛል። ሚስን «ምን ይሻላል?» ብላት «እኔ ሻንጣዬን ላዘጋጅ» አለችና ሳቀች፤ ያን ቀን ግን ሳቋ ከቁመቷ አነሰ። እህቴ ደግሞ ማታ ራት ላይ «ሚስ ዛሬ ስታስተምር ዝም ዝም አለች፣ አሟታል?» ትለኛለች፣ እዚያው ከፊት ተቀምጣ።

ታዲያ ይሄን እያሰብኩ ሳለሁ ነው የአማቴ ቤት ትዝ ያለኝ።

አማቴ ጋያ ያጨሳሉ። ለማታውቁት፣ ጋያ ማለት ቅል ነው፤ ቅሉ ውስጥ ውሃ አለ፣ አናቱ ላይ በሸክላ ትምባሆና ፍም ይቀመጣል፣ በጎን ረጅም መሳቢያ አለው። ሲስቡት «ኩርርር» ይላል። ዳይሬክተሩ ጋያቸውን ጥለው እንዲጠመቁ ስንት ዓመት ለምነዋቸው «ጌታ እኔን ከነቅሌ ያውቀኛል» ብለው እንቢ አሉ። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ ግን ቅላቸውን ደጅ ቡናው ሥር አስቀምጠው በሩ አጠገብ ነው የሚቆሙት። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጓደኞቻቸው ይመጡና ሦስቱ አሮጊቶች አንዱን ጋያ እየተቀባበሉ ሰው ሲያሙ ይውላሉ። ቤቱ የቀርከሃ ነው፣ ጭሱ መውጫ የለው፤ ለዚህ ነው አንድም ቀን የትምህርት ቤቱን ልብስ እዚያ አድርቄ የማላውቀው።

ያን ሳምንት ግን ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጠርኩና ሁሉንም ሰቀልኩት። የሚስን ሹራብ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪውን ሸሚዝ፣ የዳይሬክተሩን ባለቤት ቀሚስ፣ የዳይሬክተሩን የእሁድ ኮት። ሁሉም ከሸተተ ማን ይጠየቃል?

«እማማ፣ ይሄ ልብስ ትንሽ ጭስ ይፈልጋል» አልኳቸው አማቴን።

«የፈረንጅ ልብስ ጭስ ካማረው እኛ እያለንለት!» አሉና ፍሙን ነካ ነካ አደረጉ።

ያን ሐሙስና አርብ እንደሳቅሁት ስቄ አላውቅም። አሮጊቶቹ ኮቱን እንደ እንግዳ ነው የተቀበሉት። አንዷ ተነስታ እጅጌውን ጨብጣ «እንደምን ዋሉ ጌታው፣ ዛሬ እንኳን ቤታችን መጡ!» ትላለች። ሌላዋ ጭሱን በእጅጌው ትነፋበታለች። አማቴ ከወዲያ «በእጅጌው ግባ፣ በአንገቱ ውጣ!» እያሉ ያዝዛሉ። ቅዳሜ በከሰል ካውያ ስተኩሰው ሽታው ጭራሽ ተነሳ። እኔን እንኳን አስነጠሰኝ።

ዳይሬክተሩ ቅዳሜ ሲመለሱ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶባቸው ሲገፉ ኖረው ጉንፋን ይዟቸዋል። አፍንጫቸው ድፍን። ማሽተቱን ለሰኞ አሉና ቅርጫቱን ቢሮ አስቀመጡት፤ ኮቱን ግን ለእሁድ ይዘውት ሄዱ። እኔ ይሄን አላሰብኩትም! «ጌታዬ፣ ኮቱ በደንብ አልደረቀም» ብል «ግድ የለም» አሉ።

እሁድ ጠዋት ዝናብ ነው። ጸሎት ቤቱ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ እርጥብ ጋቢው ይተናል። ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ቆሙ። ወዲያው ሽታው እንደ እንግዳ በየወንበሩ መዞር ጀመረ። እዚያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እኮ ወጣትነታቸውን ሙሉ ጋያ ሲስቡ ኖረው በጥምቀት የጣሉ ናቸው። አንዱ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ጎረቤቱ ጎረቤቱን አየው። አንደኛው ጭራሽ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበ፤ የጸሎት መስሏቸው ዳይሬክተሩ ደስ አላቸው። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩት። ሚስ ከወዲያ ማዶ ሆና አየችኝና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሲያልቅ ዳይሬክተሩ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው ሰውን ሁሉ ሊጨብጡ ወጡ። የሚጨብጣቸው ሁሉ ኮታቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። እሳቸው «ዛሬ እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሽማግሌ መጡና እጃቸውን አልለቅም አሉ። ከልባቸው አዝነዋል።

«አባቴ» አሉ፣ «እኛን አስጥለውን ሲያበቁ ብቻዎን?»

«ምኑን?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ጋያውን ነዋ!»

አማቴ በሩ አጠገብ ናቸው። ይሄን ሲሰሙ ዘንጋቸውን ከመሬት አጋጩና «እኔ ምን አልኩ! ጌታ ከነቅላችን ያውቀናል!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ጸሎት ቤት ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም።

ሰኞ ተጠራሁ። ቅርጫቱ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጧል። ጉንፋኑ ለቋቸው አንድ በአንድ አሽትተውታል።

«ባለቤቴ ታጨሳለች?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ።»

«የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪውስ?»

«እሱማ ሻይም አይጠጣ።»

«እኔስ?»

«በልብስ ከሆነ እርስዎ ይብሳሉ፣ ጌታዬ።»

ከዚህ በላይ መቀለድ አቃተኝ። አማቴ ቤት እንዳደረቅሁት፣ ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ሆን ብዬ እንዳደረግሁት ነገርኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። «እህቴ አሁን ከፊት ነው የምትቀመጠው» አልኩ። ከሥራ ወጣሁ ብዬ ቅርጫቴን አንስቼ ቆምኩ።

ዳይሬክተሩ የሚስን ሹራብ ከክምሩ አነሱ። ከዚያ ከንፈራቸው ዳር ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ የሽማግሌው ነገር ትዝ ብሏቸው ይመስለኛል። «ሰው በልብስ ሽታ ከተባረረ መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ» አሉ። ሹራቡን አጥፈው መለሱልኝ። «ለሚስ ንገሪያት፤ ከአጥሩ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ እንዳላይ። ከአጥሩ ውጭ አፍንጫ የለኝም። አንቺም ከእንግዲህ እጠቢ እንጂ አታሽቺ።»

ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። የዳይሬክተሩም ኮት ከዚያ ወዲያ የሚደርቀው በገዛ ቤታቸው ሆነ።

ሚስ ከአጥሩ ወጥታ ወዴት ትሂድ? አማቴ ቤት ነዋ። የመጀመሪያ ቀን ጋያውን ሲሰጧት ሲጋራ መስሏት ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው፤ የቅሉ ውሃ አፏን ሞላው። ስታስልና ስትተፋ አማቴ ጀርባዋን እየመቱ «ቀስ ልጄ፣ ጡት አይደለም!» አሏት። ሦስቱም አሮጊቶች መደቡ ላይ ተንከባለሉ። ሚስም እንባዋን እየጠረገች ያቺን ትልቋን ሳቅ ሳቀች፣ ቀርከሃው እስኪንቀጠቀጥ።

ሦስት ዓመት ቆየች። ሲጋራውንም ትታ በጋያው ቀረች፤ ሐጂ «ደንበኛ አሳጣሽኝ» ይሉኝ ነበር። እህቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ከፊት ወንበር ያነሳት የለም። አሁን እሷም እንደኔ አያት ናት። ስትመጣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ከምድጃው ፊት ትቀመጣለች። «ወደ ኋላ በይ፣ እኔ ነኝ ታላቅሽ» ስላት አትሰማም።

«ሚስ ነች ያለችኝ» ትለኛለች፣ በዚህ ዕድሜዋ።