ጽዳቱ የቆመበት ዲስክ

አሲያ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ታቀናብራለች። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ መንገዱ ጭር ይላል፤ እሷም ድምፁን ቀንሳ ስክሪኑ ላይ የሚጨፍሩትን ስታይ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ይመስሏታል።

አንድ ቀን መብራት ድንገት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲስኩ ሞልቷል አለ። ግራ ገባት። የቆዩ ሠርጎችን ያጠፋችው መብራቱ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወንድሟ ወደ አንዋር ደወለች።

"ስታጠፊ መጀመሪያ የሚነሣው የፋይሉ ስም ብቻ ነው" አላት። "ቦታውን የሚያስለቅቀው ከኋላ ሆኖ ቀስ እያለ የሚሠራ ጽዳት ነው። መብራቱ ሲቋረጥ፣ የቱ ፋይል የት እንዳለ የሚይዘው የዲስኩ መዝገብ ተዛብቷል፤ ማሽኑ ስህተት ሲያይ ጽዳቱን አቆመው።"

"ለምን ያቆመዋል?"

"የተጣለው የቱ፣ የሚፈለገው የቱ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለማ! ጤነኛውን እንዳያጠፋ ነው። መዝገቡን እናስተካክለውና ይቀጥላል።"

ስልኩን ሳትዘጋ ልትጀምር ስትል አንዲት እናት በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ እቴነሽ ናቸው፤ ከአጣዬ በሚኒባስ መጥተው ነጠላቸው በላብ ርሷል። ቤታቸው አጣዬ ላይ በተነሣው ግጭት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ባለቤታቸው ጋሼ ደምሴ ደግሞ ባለፈው ክረምት ታመው አርፈዋል።

"የልጄን የሕይወትን ሠርግ የቀረጽሽው አንቺ ነሽ አሉ። ደምሴን ልየው ብዬ ነው። አንድ ፎቶ እንኳ አልተረፈልኝም።"

አሲያ ክው አለች። "እትዬ፣ ይቀመጡ። ዛሬ ነው ያጠፋሁት። ግን ገና ፈጽሞ አልጠፋ ይሆናል።"

አንዋር በስልኩ ጮኸ፤ "እንግዲያው ጽዳቱን እንዳታስጀምሪው! ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፊ። ለንባብ ብቻ ክፈቺውና ወደ ሌላ ዲስክ ቅጂው።"

እንዳላት አደረገች። ውጭ ሽንኩርት የጫኑ መኪናዎች ወደ ጀውሃ ያልፋሉ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴ የምስል ቁርጥራጭ መጣ፤ ቀጥሎ ድንኳን፣ ቀጥሎ ድምፅ የሌለው ጭፈራ። ከመካከሉ ጋሼ ደምሴ ወጡና ጎንበስ ብለው የሙሽራዋን ጫማ አቧራ በመሐረብ ጠረጉ።

"እንዲህ ማድረጉን አላየሁም ነበር" አሉ እትዬ እቴነሽ፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ። "እኔ ጓዳ ነበርኩ።"

አሲያ ያጠፋቻቸውን ሌሎቹንም ሠርጎች አወጣችና ይፈልጓቸው እንደሆነ ልትጠይቅ ለየቤተሰቡ ደወለች። አንዷ የካራቆሬ ሙሽራ "እኛ ጋ አለ፣ አጥፊው" ብላ ሳቀች። አንድ አባት ግን "ላኪልኝ" ብለው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዘጉ።

ከዚያ መዝገቡን አስተካከለች፤ ጽዳቱም ቀጠለ። ባዶው ቦታ ቀስ በቀስ ሲሰፋ፣ እትዬ እቴነሽ ቅጂው ያለበትን ፍላሽ በመዳፋቸው ጨብጠው ከማራገቢያው ፊት እንቅልፍ ወሰዳቸው።