ከውህደቱ በኋላ የተላለፈው የመጀመሪያ ዜና

የቢቸናው ቴሌቪዥን ጣቢያችን ከሞጣው ጋር የተዋሃደ ሰሞን ነው። ዜና አንባቢው እኔ ነኝ፤ ከሞጣ ደግሞ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንባቢ፣ ጋሽ ይስማው፣ መጡ። አለቃችን ማን እንደሚቀድም ሳይነግረን ቀጥታ ስርጭቱ ተጀመረ።

«ጋሽ ይስማው፣ እርስዎ ይጀምሩ» አልኩ።

«ኧረ በሞቴ! ባለቤቱ እያለ እንግዳ ይቀድማል እንዴ?»

«ታላቅ እያለማ አይሆንም!» ብዬ ብድግ አልኩ። እሳቸውም ብድግ አሉ። ካሜራው ቀበቷችንን ብቻ ያሳያል። እንዲህ ስንለማመን የዜናው ሰዓት አለቀ፤ የስንብቱ ሙዚቃ ገባ።

መባረሬ ነው ብዬ ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። ስልኩ ጮኸ። አንዲት ተመልካች እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ገና ማንም ያልሞተበት ዜና አየን። ነገም እንዳታነቡ!»