የባሌ እህት መጥረጊያ

የባሌ እህት ሥራ ወዳድ ነበረች፤ ሥራው የሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

ባሌ ጅግጅጋ በመምህርነት ተመድቦ ከእናቱና ከእህቱ ጋር አንድ ግቢ በገባን በሁለተኛው ክረምት፣ ከአጥራችን ኋላ ነጭ ትንንሽ አበባ ያለው አረም ወገብ ድረስ አደገ። እህቱ አጭዳ በገመድ አሰረችና መጥረጊያ አደረገችው። «ለመጥረጊያ ገበያ የምትወጣ ሰነፍ ሴት ናት» አለችኝ። ግቢውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ እጄ እስከ ክርኔ ቀላ፣ አበጠ፣ ውኃ ቋጠረ። አንገቴና የዓይኔ ቆብ ሳይቀር ያሳክከኝ ጀመር። አማቴ ሳህኔን ለየች። «እስኪሻልሽ ነው ልጄ» አለች። የባሌ እህት ግን ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው፤ «ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው በሽታ ነው፤ ወንድሜን ሳታስይዘው ትሂድልን!» ባሌ ትሪው ላይ አጎንብሶ ይጎርሳል። ሙሉ ክፍል ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ እቤት ያቺን አንድ ቃል አጣት። ወደ ወላጆቼ ሊመልሱኝ ሲመክሩ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

እስከዚያው የቤቱን ዕቃ እንዳልነካ ተከለከልኩ፤ መጥረጊያውንም ጭምር። በሁለት ሦስት ሳምንት ቁስሌ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። በእኔ ፋንታ ስትጠርግ የሰነበተችው የእህትየው እጅ ደግሞ እንደ እኔው አብጦ ፈነዳ።

«አጋባችብኝ!» ብላ ጮኸች።

ወተት የምታመጣልን ሶማሌ ሴትዮ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። መጥረጊያውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ሳቀች። «አባዮ፣ እህቴ፣ ይኼን በእጅሽ ይዘሽ ነው ሰው የምትሰድቢ? ፍየል እንኳ ትሸሸዋለች። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ እኔንም ከገበያ ያባርሩኛል።»

እህትየው የሄደችበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ያንኑ አለች፤ እጅ የሚያቆስለው አረሙ ነው። አረሙን በባዶ እጅ አለመንካት፤ ከነኩትም ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ የለበሱትን ማጠብ፣ አለማከክ። ካላሚን የሚባል የማሳከክ ቅባት ሰጠቻትና በቅቤ አሽታው የመጣችውን እጇን አጥባ ላከቻት።

አማቴ በዚያው ቀን «ነይ አብረሽን ብዪ» አለችኝ። «መጀመሪያ ልጅሽ ስሜን ያጠፋችባቸው ቤቶች ሁሉ ሄዳ እውነቱን ትናገር» አልኳት። ከመጣሁ ጀምሮ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሄደች። እጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ሰፈሩን ከመርዘኛ አረም ልታድን የደረሰችበትን ግኝት አወጀች። ስለ እኔ እጅ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ መረቃት፤ ወደ ወላጆቼ የመላኬም ወሬ በዚያው ተረሳ።

ባሌ «ተዪው፣ ዋናው መታወቁ ነው» አለኝ። በዚያ ክረምት ስለ ጉዳዩ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።