ሻርፕ የጠመጠመው አውራ ዶሮ

በሁዳዴ አጋማሽ ነው፤ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ካርቶን ታቅፈው ለብቻቸው ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ወሬ ካየሁ አላልፍም።

«እኛም እንሳቅ እንጂ፣ እናቴ!» አልኋቸው።

አንዲት ቀጭን የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝ። ሽፋኗ ላይ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመ ቦርጫም አውራ ዶሮ፣ የገና ጨዋታ ዳኛ ሆኖ ይንጎራደዳል። ገለጥ ሳደርግ የእንጨት ሩሯ አናቱን ትለዋለች፤ እንደገና ገለጥ ሳደርግ አተላ ጋን ውስጥ በአፍጢሙ ተተክሎ ሻርፑ ብቻ ይንሳፈፋል። ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያየኝ ሳቅሁ።

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ዶሮውን ነዋ!»

ወይዘሮ ደጊቱ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ቡሬ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። የግቢውን ግድግዳ በበዓል ሥዕል የሞሉት እሳቸው ነበሩ፦ የእንቁጣጣሽን አበባ ከልጆች እጅ የምትበላ ፍየል፣ የቡሄ ሙልሙል ነጥቃ ዛፍ ላይ የወጣች ጦጣ። የሚያለቅስ ልጅ ወደ ጦጣዋ ይወስዱታል፤ ዝም ይላል። ኋላ ትምህርት ቤቱን ልዑልሰገድ የሚባል ሰው ገዛውና ዳይሬክተር ሆነ። ወላጅ በተሰበሰበበት፣ «ይኼ ዶሮ የጫረው ነው እንጂ ሥዕል ነው?» አለ። በማግስቱ ግድግዳውን ኖራ አስቀባው፤ እሳቸውንም አሰናበተ።

«እንግዲያው ዶሮውን ላሳየው አልሁ» ይላሉ፤ አሁን ፈገግታቸው ጠፍቷል። «ሻርፑም ቦርጩም የራሱ ነው። አንድም አልጨመርሁበት።»

መጽሐፏ ለገና ደረሰች። በበዓሉ ዕለት ልዑልሰገድ ሻርፑን አድርጎ ጨዋታው ሜዳ ብቅ ሲል፣ ሕፃኑ ሁሉ «ኩኩሉ!» ብሎ ተቀበለው። ዱላ አንሥቶ ሊያባርር ሲል ሽማግሌዎቹ ያዙት፤ «ምነው አቶ ልዑልሰገድ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰሙም?» ምን ያድርግ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ደግሞ የገዛ ልጁ መጽሐፏን ይዛ ጠበቀችው፤ «አባባ፣ አንብብልኝ፤ ድምፁንም አውጣ!»

«ጮኸላት?»

«አጥር ተሻግሮ ተሰምቷል» አሉኝ፣ ማር እንደ ላሰ ሰው።

ሰሞኑን ሽማግሌ ልኮባቸዋል፤ ዶሮውን ይተዉልኝ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ ብሎ።

«መመለሱን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽህም። ልጆቹ ናፍቀውኛል። ግን ጦጣዬ ከኖራው ሥር አለች፤ ኖራውን በገዛ እጁ፣ ወላጅ እያየው ይፋቀው አልሁ። እስካሁን መልስ የለም።»

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ካርቶኑን አወረድሁላቸው። ውስጡ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ የአዲስ መጽሐፍ ሥዕል አለ፤ ያው ዶሮ፣ ያው ሻርፕ። የመጨረሻዋ ገጽ ባዶ ናት።

«ይችስ?» አልኋቸው።

«ሌላው ዛሬ ይታተማል፤ እሷን ለእሱ ትቻታለሁ። የፋሲካው መጽሐፍ ነው፤ እስከ በዓሉ ጊዜ አለው። ግድግዳዬን ከፋቀ ዶሮው ቆጡ ላይ ያድራል። ካልፋቀ ግን፣ በፋሲካ ዶሮ የት እንደሚገባ የቡሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።»