ዳር ዳሩ የጠፋው ኤግዚቢሽን

ባለቤቴ ሥዕሉን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ይዞ ሲመጣ ተናድጄ ነበር። ፓልምስ ሰፈር ያለችው ቤታችን ለሁለት ሰው እንኳ ጠባብ ናት፤ እሱ ደግሞ የማናውቃቸውን ፈረንጆች ተሸክሞ ገባ። ሥዕሉ ፓስቴል በሚባለው ዱቄታም የቀለም ጠመኔ የተሠራ ነው። አሜሪካ ራሷ ሥራ አጥታ ለዳቦ በተሰለፈችበት ዘመን የተዘጋጀ የዓለም ኤግዚቢሽን፣ የመዝናኛው ሜዳ። መሐሉ ላይ ሰው እያሳፈረ የሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር፣ ግራና ቀኙን ቀያይ ድንኳኖች፣ አምፖል፣ ባርኔጣ ያጠለቀ ሕዝብ።

“የሚበሉት ሳይኖራቸው ምን ሊጫወቱ ሄዱ?” አልኩት።

“ሌላ ምን ያድርጉ?” አለኝ።

አገር ቤት የሥዕል አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ሹፌር ነው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሥዕሉ ፊት ይገተራል። እውነቱን ለመናገር በሥዕሉ ቀናሁ።

አንድ ቀን ከዚያው ቆሞ ጮኸብኝ። “ክሊን አድርገሽዋል አይደል? ፓስቴል እኮ ጨርቅ አይነካውም! ዳር ዳሩ ሄዷል፤ ድንኳኖቹ የሉም!”

እኔ ድንኳኖቹን አያቸዋለሁ። አንድም አልጎደለም። ከላዩ ያለውን መስታወት እንጂ ሥዕሉን ነክቼ አላውቅም ብዬ ብምልም አላመነኝም። አኮረፈኝ።

በመጨረሻ ቶራንስ ከተማ ፍሬም የሚሠራ ሰው ዘንድ ወሰድነው። ሰውየው ከፍቶ አገላብጦ አየውና፣ ፓስቴል ሲረግፍ ዱቄቱ ከመስታወቱ ሥር ይጠራቀማል፣ እዚህ ግን ምንም የለም አለን። ባለቤቴ ይህንን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ጣቱን በፍሬሙ ሥር አሳልፎ አየው፤ ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ ችግሩ ከሥዕሉ እንዳልሆነ ለሁለታችንም ገባን። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

“አንቺ ድራይቭ አድርጊ” አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ እሱ እያለ መሪ ይዤ አላውቅም።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች። እይታን ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይገባል፤ የሄደው አይመለስም፤ ያዘዘችው ጠብታ የቀረውን ትንሽ ያቆየው ይሆናል። ሥራውን ተወ። ቸርች ሄደን ጸለዩለት፤ እኔም አሜን አልኩ። ተስፋ ግን አላደረግሁም፤ እሱም እንዳላደረገ አውቃለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ተጠግቶ ቆሞ ነበር። መንኮራኩሩን ገና ያየዋል። ቀስ ብዬ መጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ድንገት ፊቱን ሳያዞር ወደ ኩሽናው ተጣራ።

“የት ሄድሽ?”

ትከሻዬ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።