ከሰዓቱ የቀደመ ደስታ

ባለፈው እሑድ ሱሉልታ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈር ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አይ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የመሪው ቡድን ተቀያሪዎች እየጨፈሩ ሜዳ ገቡ። ወጣቱ ዳኛ ወዲያው ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ጥፋት፣ ነፋባቸው። በኋላ ላቡን እየጠረገ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ ሰናይት፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ።

ጡረታ የወጣ ዳኛን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚቸኩልበት ጉዳይ ባይኖረው ይሻላል። የነገርኩትን እነሆ።

ሃያ ዓመት በወጉ ሳይሞላኝ ነው ፊሽካ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት። የመጀመሪያው ከባድ ጨዋታዬ የሰበታ ፋብሪካ ሴቶች ከቡራዩ ሴቶች ጋር ያደረጉት ነበር። ከሱሉልታ የተጠራሁት ለሁለቱም ባዳ ስለሆንኩ ነው። አብሮኝ የሚዳኘው ጋሽ ዘውዱ፣ ዝምታ የሚወድ የስፖርት አስተማሪ ነበር። የክረምቱ መውጫ ስለነበር ለጨዋታው ወደ ሰበታ ስንጓዝ ፉሪ ላይ ገበሬው በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ እሸት እየጠበሰ ይሸጣል። ጋሽ ዘውዱ ሁለት ገዛና አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ከፍርሃት የተነሳ አልዋጥልኝ አለ። ዛሬም ትኩስ እሸት ሲሸተኝ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ያሸነፈ ቡድን ለፍጻሜው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ እንጨት የሆነ አዳራሽ አለ። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ሁላችንም ጉልበታችን በሲሚንቶ የተላጠ ነበር። የሰበታዋ አምበል ወርቅነሽ ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ የመጣች ረጅም ልጅ ናት። ከጨዋታው በፊት ጫማዋን እያሰረች፣ «ሰበታ ስኖር ስንት ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባን ግን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። የእንጨት ወለል ላይ ኳስ ሲነጥር ድምፁ ይለያል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የምንጫወተው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። የሰዓት ማብቂያ ጡሩምባ ስላልነበረ፣ በር ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ የሚደውሉት ዘበኛው ኦቦ ቶላ ናቸው። ሰዓት ያዡ እጁን ሲያነሳላቸው ይመታሉ፤ ስምምነቱ ይህ ነበር። ነገር ግን ዝናብ ጣለ። ሜዳው ተጠርጎ፣ ሰጋቱራ ተበትኖበት እስኪደርቅ ጨዋታው ዘገየና ማለቂያው የማታ ተማሪዎች ከሚገቡበት ሰዓት ጋር ገጠመ።

ሰበታ በአንድ ነጥብ እየመራች፣ ኳሱ በቡራዩ ልጆች እጅ እያለ፣ ደወሉ ተደወለ። የሰበታ ተቀያሪዎች እልል እያሉ ሜዳውን ሞሉት። ወርቅነሽ ተንበርክካ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔ ግን ሰዓት ያዡን አየሁት፤ እጁን አላነሳም። ኦቦ ቶላ በዚያው ደወል የማታ ተማሪዎችን እየጠሩ ነበር።

ፊሽካዬን ነፋሁ። የቡራዩ አሠልጣኝ እየሮጠ መጣ።

«ቴክኒካል! ሰዓት ሳያልቅ ተቀያሪ ሜዳ ገብቷል፤ ሕጉ ነው!»

ልክ ነበር። ቅጣት ምቱ ቢገባ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ኳሱም የቡራዩ ነው። ወርቅነሽ ጉልበቷ ላይ ሰጋቱራ እንደተጣበቀ ተነሥታ፣ «እህቴ፣ ደወሉን ሰምተን እኮ ነው!» አለች። ኦቦ ቶላም መዶሻቸውን እንደያዙ እየተንደረደሩ ደረሱ።

«ዲፈማ፣ ይቅርታ ልጆቼ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱን እኔ ላይ አድርጉት!»

ከተመልካቹ ገሚሱ ሳቀ። ጋሽ ዘውዱን አየሁት።

«የገቡት በአንቺ በኩል ነው፤ ፍርዱም ያንቺ ነው» አለኝ።

ሴቶቹን አየኋቸው። ማንንም አልሰደቡም፣ በማንም ላይ አላፌዙም፤ ኳስ ከያዘችው ልጅ አጠገብ የደረሰ እንኳ አልነበረም። ያመኑትን ደወል አምነው ነው የተደሰቱት። «ቅጣት የለም። ሜዳው ይለቀቅ፤ የቀረው ሰዓት ይመለስ፤ ኳሱ የቡራዩ ነው» አልኩ። አሠልጣኙ እስኪበቃው ተራገመ።

ኳሱ ከመስመር ውጭ ተወረወረ። የቡራዩዋ ልጅ ተቀበለች፣ ዞረች፣ ወረወረች። ኳሱ ሰሌዳውን ነካና ገባ፤ ሁለት ነጥብ። ሰዓት ያዡ እጁን አነሳ፤ ኦቦ ቶላ በጣም ቀስ ብለው መቱ።

ለሰበታዎቹ ምሕረት ያደረግሁላቸው መስሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ተሸነፉ። ነጥቡን ያጸደቅሁትም እኔው ነኝ። ወርቅነሽ ወደ እኔ ስትመጣ፣ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እጇን ዘረጋችልኝ።

«ብትቀጪን ኖሮ፣ ደስ ስላለኝ ተሸነፍኩ እያልኩ እኖር ነበር» አለች። «አሁን ኳስ ገብቶብኝ ነው የተሸነፍኩት። ይሄ ይሻላል።» ከዚያ ፊቷን በማልያዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ወጣቱ ዳኛ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ «የዛሬዎቹ ግን ደወልም አልሰሙም እኮ፤ ዝም ብለው ነው የገቡት» አለኝ።

«እንግዲያው ልክ ሳትሆን አትቀርም» አልኩት። ደስታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሌላውን ለማብሸቅ የሚጨፈር አለ፣ ጨዋታ የሚያበላሽም አለ። ሕግ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። «ግን ስትነፋባቸው ፊታቸው ምን ይመስል ነበር?»

አሰብ አደረገ። «ሰዓቱን ነበር የማየው።»

«ሰዓቱን ሰዓት ያዥ ያይልሃል፣ ልጄ» አልኩት። «ያን ፊት ግን ካንተ በቀር የሚያይላቸው የለም።»